የማታው የስፖርት ዜና፤ ዋጋ ያለው ወንበሩ ነው ወይስ ባለወንበሩ?

ኢኤስፒኤን የተባለው የአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራውን «ሀ» ብሎ የጀመረው በዜና ነበር። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1979 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ በኮኔክቲከት ግዛት ብሪስቶል ከምትባል ከተማ፣ ሚስተር ሊ ሌናርድ ጣቢያውን ከፍተው ሚስተር ጆርጅ ግራንዴ የመጀመሪያውን «ስፖርትስሴንተር» አቀረቡ። ይኸው የዜና ዝግጅት ሴፕቴምበር 13 ቀን 2012 ሃምሳ ሺኛ ሥርጭቱን አስተላልፏል። ስለ ኳስ ደንታ የሌለው ነጋዴ እንኳ ሊያየው የሚገባ ሒሳብ አለበት። ጣቢያው በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሲሸጥ የኖረው ዜናውን ነው ወይስ አቅራቢዎቹን?

ነገሩ የተጀመረው በሥራ አጥነት ነው። መሥራቹ ሚስተር ቢል ራስሙሰን በ1978 ከአንድ የበረዶ ሆኪ ክለብ ሥራቸው ተሰናበቱ። ከልጃቸው ከስኮት ጋር ሆነው የሳተላይት መስመር ለመከራየት አርሲኤ የተባለውን ኩባንያ ዋጋ ጠየቁ። መልሱ አስገራሚ ነበር። በቀን አምስት ሰዓት ለመከራየት ለአንድ ምሽት 1 ሺህ 250 ዶላር ይጠየቃል። ሃያ አራቱንም ሰዓት ለሚወስድ ግን የወር ኪራዩ ከ35 ሺህ ዶላር በታች ነው። 1 ሺህ 250ን በ30 ቀን ያባዛ ሰው 37 ሺህ 500 ዶላር ያገኛል። ሙሉው ቀን ከሩብ ቀን ባነሰ ዋጋ ቀረበ ማለት ነው። ምክንያቱም ሳተላይቱ ያን ጊዜ ፈላጊ ያጣ ሸቀጥ ነበር። አባትና ልጅ ሙሉውን ወሰዱ። የአየር ሰዓት ተከራይተው ስፖንሰር የሚያፈላልጉ የአዲስ አበባ የኤፍ ኤም ስፖርት አዘጋጆች ይህን ስሌት ለመረዳት አይቸገሩም።

ገንዘቡን ያቀረበው ጌቲ ኦይል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ሲሆን፣ በምላሹ የጣቢያውን 85 በመቶ ድርሻ ያዘ። አንሃይዘር ቡሽ የተባለው ቢራ ጠማቂም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የማስታወቂያ ውል ፈረመ። በ1984 ኤቢሲ ጣቢያውን ገዛ። ዋልት ዲዝኒ ደግሞ በ1996 የኤቢሲን እናት ኩባንያ ወደ 19 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሲጠቀልል ኢኤስፒኤንም አብሮ ሄደ።

ይሁን እንጂ ሃያ አራት ሰዓት መከራየትና ሃያ አራት ሰዓት መሙላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቀጥታ ጨዋታ መብት ውድ ነው፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ዋጋው ይወርዳል። የማታው ዜና ግን የራስ ምርት ነው። ሁለት አቅራቢዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በየከተማው የተካሄዱ ጨዋታዎች ቅንጫቢ ምስሎች፣ ከዚያ ጽሑፍና ድምፅ። ለዓመታት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የሚሠራው ዕትም ጠዋት ሙሉ እየተደጋገመ ይታይ ነበር። የቀን የቀጥታ ሥርጭት በስፋት የተጀመረው በ2008 ነው። አንድ ጊዜ ጋግሮ እስከ ምሳ ሰዓት መሸጥ እንደማለት ነው።

ከማስታወቂያው ገቢ በላይ ደግሞ ሌላ ምንጭ ነበረ። በ1980ዎቹ ጣቢያው ከኬብል አከፋፋዮች ለእያንዳንዱ ደንበኛ ወርሃዊ ክፍያ መጠየቅ ጀመረ። በሳንቲም የተጀመረው ይህ ክፍያ በቅርብ ዓመታት በገበያ ተንታኞች ግምት ከ9 ዶላር አልፏል። ደንበኛው ጣቢያውን አየውም አላየውም ይከፍላል። ታዲያ አከፋፋዩ ጣቢያውን ከዝርዝሩ እንዳይሰርዝ የሚያደርገው ምንድን ነው? ተመልካቹ በየማታው የሚጠብቀው ሰው መኖሩ ነው።

የአቅራቢዎቹ ዋጋ የታየው እዚህ ላይ ነው። ከ1992 እስከ 1997 ሚስተር ኪዝ ኦልበርማንና ሚስተር ዳን ፓትሪክ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዜናውን በቀልድና በአሽሙር እያዋዙ ሲያቀርቡ፣ ውጤቱን አስቀድሞ የሰማ ሰው ጭምር ቁጭ ብሎ ያያቸው ነበር። በ1993 የመጡት ሚስተር ስቱዋርት ስኮት የጥቁር አሜሪካውያንን የሠፈርና የሂፕ ሆፕ አነጋገር ወደ ዜና ጠረጴዛው ይዘው ገቡ። ይህ ያልጣማቸው ተመልካቾች ቅሬታ ቢያሰሙም ወጣቱ አነጋገራቸውን በቃሉ ያዘ። ሚስተር ስኮት በካንሰር ሕመም በጃንዋሪ 2015 በ49 ዓመታቸው አርፈዋል።

ሰው ዋጋው ሲያድግ መሄድም ይጀምራል። ሚስተር ክሬግ ኪልቦርን በ1996 ወደ ሌላ ጣቢያ የቀልድ ዝግጅት አቀኑ። ሚስተር ኦልበርማን በዓመቱ ከአለቆቻቸው ጋር ሳይስማሙ ተለያዩ። ሚስተር ፓትሪክም በ2007 ወጡ። ዝግጅቱ ግን ቀጠለ። ከ1995 ጀምሮ የተላለፉት «ይህ ስፖርትስሴንተር ነው» የተሰኙት ማስታወቂያዎችም ለኩባንያው ጥሩ መከላከያ ነበሩ ማለት ይቻላል። አቅራቢዎቹ ከታላላቅ ስፖርተኞች ጋር ተራ የቢሮ ሠራተኛ መስለው ሲቀልዱ ይታያሉ፤ በመጨረሻ የሚቀረው ስም ግን የዝግጅቱ ነው። በዚያ ዘመን ወንበሩ ባለወንበሩን አሸንፎ ነበር።

የተንቀሳቃሽ ስልክ ሚዛኑን ገለበጠው። ጎሉን በገባበት ደቂቃ በእጁ ያየ ሰው ቅንጫቢውን ለማየት እስከ ማታ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። በ2011 ከ100 ሚሊዮን በላይ ደርሶ የነበረው የጣቢያው ደንበኞች ቁጥር በ2023 ወደ 71 ሚሊዮን ወረደ። በአፕሪል 2017 አቅራቢዎችን ጨምሮ 100 ያህል ሠራተኞች ተቀንሰዋል። ከሦስት ዓመት በፊት 125 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት አዲስ ስቱዲዮ ግን ቆሞ ነበር፤ ሕንጻ አይሰናበትም።

ዜናው በነፃ የሚገኝ ሲሆን ገንዘቡ ወደ ሰው መዞሩ አልቀረም። በ2015 የእኩለ ሌሊቱ ዕትም ለአንድ ሰው፣ ለሚስተር ስኮት ቫን ፔልት ተሰጠ። ከዚህ በላይ የራቀው የ2023ቱ ውል ነው። የቀድሞው የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ሚስተር ፓት ማካፊ የራሳቸውን ዕለታዊ ዝግጅት ባለቤትነቱን ሳይለቁ ለጣቢያው አከራዩ። በ1978 ራስሙሰን አየሩን ተከራዩ፤ በ2023 ኢኤስፒኤን አቅራቢውን ተከራየ።

በዚህ መሀል የምስሉ ባለቤቶችም ዝም አላሉም። በኦገስት 2025 ኤንኤፍኤል፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ፣ የራሱን ጣቢያና ሌሎች ንብረቶች ሰጥቶ በምትኩ የኢኤስፒኤንን 10 በመቶ ድርሻ ለመውሰድ መስማማቱ ተገለጸ። በዚያው ወር 21ኛው ቀን ኢኤስፒኤን ያለ ኬብል አከፋፋይ በኢንተርኔት በቀጥታ ለተመልካቹ መሸጥ ጀመረ፤ የወር ዋጋው 29 ዶላር ከ99 ሳንቲም ተባለ። የሚከፍለውም ለማየት የፈለገ ብቻ ነው።