ምስጢር ጠባቂዎቹ (ክፍል 3)

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ብዕራቸውን ሲያነሱ ነበር። ፈረሙ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1985፣ የብሔራዊ ደኅንነት መመሪያ ቁጥር 196።

ዓመቱ ለዋሽንግተን ክፉ ነበር። በሜይ የተያዘው ጡረተኛው የባሕር ኃይል ባልደረባ ጆን ዎከር ለ17 ዓመት ገደማ የጦር መርከቦችን የምስጢር ኮድ ለሶቪየቶች ሲቸበችብ ኖሯል። አዲሱ መመሪያ መድኃኒቱን በፖሊግራፍ፣ በውሸት መመርመሪያው ማሽን፣ ፈለገ፦ ከባድ ምስጢር የሚያይ ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ ከማሽኑ ፊት ይቀመጥ። ለሕዝብ ሳይነገር የተፈረመው ይህ ምስጢር ጠባቂ መመሪያ ግን እሱም ሾለከና በዲሴምበር ጋዜጣ ላይ ወጣ!

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ሹልትዝ በገኑ። እኚህ ሰው በኒክሰን ዘመን የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ፣ የፕሬዚዳንቱ ጠላቶች ስም ዝርዝር ለግብር ምርመራ ሲመጣ እንዳይነካ ያደረጉ ናቸው። ዲሴምበር 19 ጋዜጠኞች ጠየቋቸው። አንድ ጊዜ እመረመራለሁ፣ አትታመንም በተባልኩ ዕለት ግን ሥራዬን እለቃለሁ አሉ።

ቁጣቸው የክብር ብቻ አይመስለኝም። ማሽኑን ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ደረት ላይ የጎማ ቱቦ ይታሰራል፣ ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይጠመጠማል፣ ጣት ላይ ትንንሽ ብረት ይደረጋል። ጥያቄ ሲወረወር ብዕሮቹ በሚንሸራተተው ወረቀት ላይ ይሮጣሉ። የሚመዘግቡት ግን ላብን፣ ትንፋሽንና የልብ ምትን ነው። ንጹሕ ሰው ሲደነግጥ ያልበዋል፤ ዓይነ ደረቅ ሌባ ላያልበው ይችላል።

በማግሥቱ ሹልትዝ ዋይት ሐውስ ገቡ። ወይ መመሪያው ይለዝባል፣ ወይ ሬገን ሚኒስትራቸውን ያጣሉ።

በዚያው ሰዓት የሲአይኤ ባልደረባ የሆነው አልድሪች ኤምስ ማንም ሳይጠረጥረው ይኖር ነበር። በኤፕሪል ወር ዋሽንግተን ወዳለው የሶቪየት ኤምባሲ በእግሩ ገብቶ ራሱን የሸጠ ሰው ነው። ሹልትዝን ያስቆጣቸው ወንበር በ1986 እሱን ጠራው። ቱቦው ታሰረ። ስለ ባዕድ የስለላ ድርጅት ተጠየቀ። ብዕሮቹ ሮጡ፤ መርማሪው ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ...

(ይቀጥላል)