ሰበካው ድምፅ ማጉያ ከመግዛቱ በፊት

የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ስለ ድምፅ ማጉያ ሲመክር ወሬው ብዙውን ጊዜ ከዋት አይወጣም። ምእመናን “አይሰማም” ይላሉ፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ትልልቅ ሞንታርቦ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ከግቢው ዛፍ ሥር የተቀመጡት እናት ግን ስብከቱን አሁንም አይለዩትም። ምክንያቱም “አይሰማም” የሚለው ቅሬታ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ይይዛል። አንዱ የድምፅ ማነስ ነው፤ ሌላው ድምፁ እየደረሰ ቃሉ አለመለየቱ ነው። ሁለተኛውን በዋት ብዛት ማዳን አይቻልም፤ ጭራሽ ይብስበታል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ምንም ወጪ የሌለው ፈተና አለ። አንድ ሰው በማይኩ ተራ ቃላትን ያንብብ፤ ሌሎች በግቢው ልዩ ልዩ ቦታ ቆመው የሰሙትን ይጻፉ። ቅዳሴው ለዚህ አይሆንም፤ ምእመኑ በቃሉ ስለሚያውቀው ጆሮው ያልሰማውን ይሞላለታል። “ከበረ” እና “ቀበረ”፣ “ሰራ” እና “ጠራ” ተደባልቀው ከተጻፉ ግን የጠፋው ነገር ታወቀ። እነዚህን ቃላት የሚለዩት አጫጭር ተነባቢ ድምፆች ናቸው፤ ለንግግር መለየት በጣም የሚያስፈልገው ክፍል ደግሞ ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው አካባቢ ይገኛል። ወፍራሙ ድምፅ ኃይል አለው፣ ሩቅም ይደርሳል፤ ትርጉም የሚሸከመው ግን ቀጭኑ ነው። ፈተናውን ሕዝብ ባለበት ቀን ማድረግ ይሻላል፤ ሰውና ልብሱ ድምፅ ስለሚመጥጡ ባዶ ቤት የሚሰጠው ውጤት ያሳስታል።

ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ ለውጥ የሚገኘው ከማይኩ ዘንድ ነው። ሰባኪው ማይኩን ከአፉ 20 ሳንቲ ሜትር አርቆ የያዘ ከሆነና ወደ 10 ቢያቀርበው፣ ወደ ማይኩ የሚገባው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ይህንኑ ጭማሪ በአምፕሊፋየር ለማግኘት ጉልበቱን 4 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ 100 ዋት የነበረው 400 ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ላይ የቀረበ ማይክ የቤቱን ነጸብራቅና የሰዉን ጉርምርምታ ወደ ኋላ ያስቀረዋል፤ ትልቅ አምፕሊፋየር ግን ሁሉንም አብሮ ያጎላል። ለእጅ የሚሠሩት አብዛኞቹ ማይኮች ከፊት የመጣውን ተቀብለው ከኋላ የመጣውን እንዲያሳንሱ የተሠሩ ናቸው። ወንፊቱን በመዳፍ ጨብጦ መያዝ ይህን ችሎታቸውን ያጠፋዋል፤ ከዚያ ጩኸቱ ይጀምራል።

ጩኸት የሚመጣው ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው መቆም አለባቸው። የተከፈቱ ማይኮች ቁጥርም ዋጋ አለው፤ ቁጥራቸው በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ጩኸት ሳይመጣ ልንጨምር የምንችለው ድምፅ በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከበሮና ጸናጽል በራሳቸው የሚሰሙ ናቸውና በትንሽ ቤተ ክርስቲያን ማይክ አያሻቸውም። የማይናገር ሰው ማይክም ይዘጋ። ሚክሰሩ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ቁልፍ ካለ ለንግግር ማይክ ሁሉ ይጫን፤ ብቻውን ብዙ ጉምጉምታ ያጠፋል።

በስፒከር አቀማመጥ ላይ ክብ ቤተ ክርስቲያን የራሱ ፈተና አለው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ሲከፈል፣ መካከሉን የያዘው መቅደስ ድምፁን ይጋርዳል። ወፍራሙ ድምፅ ግድግዳውን ይዞራል፤ ቀጭኑ ግን እምብዛም አይዞርም። በአንድ ጥግ ትልቅ ስፒከር ሲቆም፣ በግድግዳው ማዶ ያሉት እማሆይ የሚሰሙት ጉምጉምታ ብቻ ነው። እኔ አንድ ትልቅ ከመግዛት ዙሪያውን አነስተኛ ስፒከሮችን በሰዉ አጠገብ አኑሮ በዝግታ ማሰማትን እመርጣለሁ። ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ቅርብ የሆነ ትንሽ ስፒከር ሩቅ ያለውን ትልቅ የሚረታው በዚህ ነው። ጎረቤትም እረፍት ያገኛል፤ ሕመምተኛና ሕፃን ባለበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለግቢ የጡሩምባ ቅርጽ ያለው ስፒከር አይናቅ። ለመዝሙር አያምርም፤ ለንግግር ግን በትንሽ ዋት ሩቅ ይደርሳል፣ ዝናብም ይችላል። ሆኖም ሁለት ስፒከሮች ተራርቀው ሲቆሙ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አድማጩ ከአንዱ ይልቅ ከሌላው በ34 ሜትር ከራቀ፣ የሩቁ ቃል ከቅርቡ በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ዘግይቶ ይደርስና ያስተጋባል። ስለዚህ ሁሉም ከቤቱ ወደ ውጭ ፊታቸውን ያዙሩ፤ እርስ በርስ አይተያዩ።

ሽቦው ሲረዝም ብዙ አምፕሊፋየር የሚቃጠለው በአገጣጠም ስሕተት ነው። አራት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በትይዩ (ፓራለል) ሲገጠሙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ብዙ አምፕሊፋየሮች ይህን አይችሉም። ለረጅም መስመር የተሠራው ባለ 100 ቮልት አምፕሊፋየር ነው፤ ስፒከሮቹም ትራንስፎርመር ያላቸው ይሁኑ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ30 ዋት የተገጠሙ 4 ስፒከሮች 120 ዋት ይሆናሉ፤ ትርፍ አቅም እንዲኖር 150 ዋት አካባቢ ያለውን መግዛት ነው።

የመብራቱንም ነገር ባለሙያ ይየው። የማይክ ሽቦ ከመብራት ሽቦ ጋር ጎን ለጎን አይዘርጋ። ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ ከአንድ ሶኬት ቢያገኙ “ሁም” የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። እሱን ለማጥፋት ብሎ የግራውንዱን ሽቦ መቁረጥ ግን ማይክ የጨበጠን ሰው ለኤሌክትሪክ ማጋለጥ ነው፤ በፍጹም አይደረግ። ሲከፈት አምፕሊፋየሩ መጨረሻ፣ ሲዘጋ መጀመሪያ ይሁን።

ከስለቱና ከሙዳየ ምጽዋቱ የተገኘው ገንዘብ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ጥሩ የሽቦ ማይክና ጠንካራ ኬብል ይገዛበት። ርካሽ ገመድ አልባ ማይክ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ባትሪም ይበላል። ቀጥሎ ድምፅ ላልደረሰው ወገን ስፒከር ይጨመር፤ ሚክሰር መለወጥ በስተመጨረሻ ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁለት ሦስት ወጣቶች ተመርጠው መሣሪያውን ይልመዱ፤ በበዓል ቀን አንዱ ሚክሰሩ ዘንድ ሲቀመጥ ሌላው ግቢውን እየዞረ ያዳምጥ። ትልቅ ዕቃ ለመግዛት ከታሰበም ተመሳሳዩን ለአንድ በዓል ተከራይቶ፣ እዚያው ቦታ ላይ ሰቅሎ መስማት ይቻላል፤ ኪራዩ ከተሳሳተ ግዢ እጅግ ያንሳል።