በአንዲት «ችሁ» ውስጥ ያለ ሳቅ

ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ፣ ከጉና ተራራ ሥር፣ ገሳይ የምትባል ከተማ አለች። አካባቢው ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ጋቢ ከትከሻ የማይወርድበት ደጋ ነው። በዚህ አገር ደቦ ላይም ሆነ ጠላ ቤት፣ ወሬው ሲቀዘቅዝ የሚነሳ አንድ ጨዋታ አለ። ባለቤቱ የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሃና ናቸው። አለቃ በማለዳ መንገድ ሲሄዱ አህያ የምትነዳ ሴት ያገኛሉ። «እንደምን አደራችሁ?» ይሏታል። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፋለች። ጥቂት እንደተራመደች ትቆማለች። ብቻዋን ናት። «አደርሽ» ወይም አክብረው «አደሩ» ማለት ሲችሉ «አደራችሁ» ያሏት ማንን ጨምረው ነው? ዘወር ብላ አህያዋን ታያለች።

ጨዋታው ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ይሞታል፤ እንግሊዝኛ አንዱንም ብዙውንም በአንድ ቃል ይጠራልና። የሳቁ ምንጭ ታሪኩ ሳይሆን «ችሁ» የምትባለው ምዕላድ ናት። ኮሜዲ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህች ምዕላድ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

አእምሯችን ንግግር ሲሰማ ተናጋሪው እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ከሚመጣው ቃል እየቀደመ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1980 ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ የተባሉ ተመራማሪዎች የሰዎችን የአንጎል ሞገድ እየለኩ ዓረፍተ ነገር አስነበቧቸው። ከቀደመው ሐሳብ ጋር የማይገጥም ቃል በመጨረሻ ሲመጣ፣ ቃሉ ከታየ ከ400 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ሞገዱ ጎልቶ ታየ። ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ አንጎል «ይህስ ከየት መጣ?» ብሏል ማለት ነው። ብዙ ቀልዶች የተሠሩት በዚህች ቅጽበት ላይ ነው። ፈላስፎቹ ካንትና ሾፐንሃወር ሳቅ የሚመጣው የጠበቅነውና ያገኘነው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው ያሉት ሞገድ መለኪያ መሣሪያ ከመኖሩ ብዙ ዘመን ቀድመው ነው።

ይሁን እንጂ መደነቅ ብቻውን አያስቅም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሃይራም ብራውኔልና ባልደረቦቹ የአንጎላቸው ቀኝ ክፍል የተጎዳ ሰዎችን ቀልድ አስጀምረው መጨረሻውን ከተሰጡ አማራጮች እንዲመርጡ ጠየቋቸው። ሕመምተኞቹ መጨረሻው ያልተጠበቀ መሆን እንዳለበት ያውቃሉ። ሲሳሳቱ የሚመርጡት ግን ያልተጠበቀውን፣ ከመነሻው ጋር ፈጽሞ የማይገናኘውን ነበር። የጎደላቸው ወደ ኋላ ተመልሶ ታሪኩን በአዲስ ዓይን የማንበብ ችሎታ ነው። የአህያዋ ባለቤት መንገድ ላይ ቆማ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ የሰማችውን ሰላምታ እንደገና ከፍታ አየችው።

ቅኔ ያጠና ሰው ይህን ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። ሰሙን አንዴ፣ ወርቁን ቆይቶ መስማት፣ ሁለቱን ያቆራኘውን ኅብር ፈልጎ ማግኘት የቅኔ ቤት የዕለት ሥራ ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ ደግሞ የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ ድጓ በጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋስዕት በዙር አምባ ይመሰከራል። አለቃ ገብረ ሃናን ቀልደኛ ብቻ አድርገን ስናስታውሳቸው አዝናለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ናቸው። በልጃቸው ስም ተክሌ የሚባለው አቋቋም የእሳቸው ነው፤ መቋሚያውና አካሉ የሚወዛወዙበት ስልት የጣናን ማዕበል ከማየት የመጣ ነው ይባላል። ማዕበልን አይቶ አቋቋም የሚያበጅ ዓይንና ከአንዲት ምዕላድ አህያ የሚያወጣ ጆሮ የአንድ ሰው ናቸው። ቀልዳቸውን የወለደው ትምህርታቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሴትዮዋ ብትቆጣስ? ከአህያ ጋር መቆጠር ስድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎቹ ፒተር ማግሮና ካሌብ ዋረን ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ይረዳናል። አንድ ነገር የሚያስቀው ደንብ ሲጥስና ጥሰቱ ግን የማይጎዳ ሆኖ ሲሰማን ነው ይላሉ። ጥሰት ከሌለ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፤ ጉዳቱ ከበዛ ደግሞ ጠብ ይሆናል። ሳቅ ያለው በመካከላቸው ባለችው ጠባብ ድንበር ላይ ነው።

አማርኛ ይህችን ድንበር በስንት ቃል እንዳጠራት ልብ ላለ ሰው ይገርማል። ቀልድ ማንንም አያደማም። ተረብ ይነካል፤ ግን ተራው ይደርሳል፣ የተተረበውም መልሶ ይተርባል፤ ያልመለሰ ተሸነፈ እንጂ ተበደለ አይባልም። አሽሙር በጎን ይሄዳል፤ የሚነካው ሰው ብቻ ያውቀዋል። ምጸት የተናገረውን ተቃራኒ ያስባል። ስላቅ መራራ ነው። ፌዝ ላይ ስንደርስ የሚስቀው አንድ ወገን ብቻ ነው። የውጭ የኮሜዲ ምደባ ብዙውን ጊዜ በመድረኩ ቅርጽ የተከፈለ ሲሆን የእኛዎቹ ቃላት የሚለኩት በቀልዱና በቁስሉ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ለእኔ ይህኛው ሚዛን ይበልጥብኛል።

«ጨዋታ» የሚለውንም እዩት። ልጆች ሲሯሯጡ ጨዋታ ነው፣ ሽማግሌዎች ሲያወጉ ጨዋታ ነው፣ ቀልዱም ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ማሪና ዳቪላ ሮስና ባልደረቦቿ እንደ ጎሪላና ቺምፓንዚ ያሉ የሰው የቅርብ ዘመዶችና የሰው ሕፃናት ሲኮረኮሩ የሚያወጡትን ድምፅ አነጻጽረው ነበር። ድምፆቹ ልክ እንደ ዝርያዎቹ ዝምድና ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ሳቅ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ብለው ደመደሙ። የመጀመሪያ ሥራው «የምነክስህ ስጫወት ነው» ማለት ሳይሆን አይቀርም። አማርኛ ሦስቱን በአንድ ቃል መጥራቱ ተሳስቶ አይመስለኝም።

ኮሜዲ የሚለው ስም የመጣው ኮሞስ ከሚል የግሪክ ቃልና ከዘፈን ነው። ኮሞስ እየዘፈነና እየቀለደ የሚዞር የበዓል ጭፍራ ነበር። ነሐሴ 13፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ዱላ ይዘው ከደጅ ደጅ የሚዞሩትን የቡሄ ልጆች ያየ ሰው ኮሞስ ምን እንደሆነ አስረዱኝ አይልም። ልጆቹ ያወድሳሉ፤ ሙልሙሉ ሲዘገይ ውዳሴው ወደ ተረብ ይዞራል፤ ባለቤቱም እየሳቀ ይወጣል። በሌላ ቀን አንድ ልጅ ለታላቅ ሰው እንዲህ ቢናገር በአርጩሜ ይገረፋል። ቀኑ ጥሰቱን ከጉዳት ጠብቆታል። ለአዝማሪውም ማሲንቆው እንዲሁ ጋሻ ነው፤ ግጥም ከተቀመጠው ሰው እየተቀበለ ለዚያው ቤት ሰው ይመልሰዋል፤ ዛሬ ስታንድ አፕ የምንለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጋሻው የማይበቃበት ጊዜም አለ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ሹማምንትን በእንስሳት ስም የሚተች ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንዳይታይ ተከለከለ። ቴአትራችን የጀመረው በኮሜዲ፣ ያውም በታገደ ኮሜዲ ነው። በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበሩት የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» መንገዱን ቀየረ። በሁለተኛው የባላባት ዘር የሆነ የተማረ ሰው ሠራተኛውን ሊያገባ ይነሳል፤ ተመልካቹም የሚስቀው በሰውየው ሳይሆን በዘር ቆጠራው ላይ ነው።

በካሴትና በቪዲዮ ዘመን ደግሞ ጥንዶቹ መጡ፤ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ። የጥንድ ኮሜዲ ጥበብ ተጎጂውን ከመድረኩ ላይ ማቅረቡ ነው። አንዱ ሞኝ ይሆናል፣ ሌላው ይበሳጫል፣ እኛ ደግሞ ማንንም ሳንበድል እንስቃለን። እንደ ጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» ያሉ ተከታታይ ድራማዎች በበኩላቸው የሚያስቁት ጠባዩን በምናውቀው ሰው ነው፤ ምን እንደሚል ስለምንገምት ገና በሩን ሲከፍት እንስቃለን።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። በከተማ መድረክ ላይ የባላገር አነጋገር ራሱ ቀልድ ሆኖ ሲቀርብ ስንት ጊዜ አየሁ! ገጸ ባሕርዩ ምንም የሚያስቅ ነገር አይናገርም፤ በጎጃም ወይም በጎንደር ዘዬ መናገሩ ብቻ ይበቃል። ፕላቶና ሆብስ ሳቅን ከሌላው በላይ ሆኖ ከመታየት ጋር ያያዙት እንዲህ ያለውን አይተው ይመስለኛል። ይህ በአማርኛው ሚዛን ፌዝ ነው። የገሳይ ገበሬ በደቦ ላይ የሚናገረውን ኅብር ቃል አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የሰማ ጸሐፊ፣ ያንን ገበሬ ጅል አድርጎ ለመጻፍ እጁ እሺ አይለውም ነበር።

ወደ አህያዋ ልመለስ። የሳቅ ምንጩ ያልተጠበቀው ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጨዋታ ሁለተኛ የሰማው ሰው መሳቅ አልነበረበትም። ሳቅ ግን አብሮነትም ነው፤ ተመራማሪው ሮበርት ፕሮቫይን ባደረገው ጥናት መሠረት፣ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሆን ብቻውን ካለበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል ይስቃል። የሮቢን ደንባር ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 አብረው ከልብ የሳቁ ሰዎች ሕመም የመቻል አቅማቸው ከፍ እንደሚል አሳየ፤ ምክንያቱ አንጎል ራሱ የሚያመነጨው ኢንዶርፊን የተባለው ማስታገሻ ነው ብለው ያስባሉ። ቀኑን ሙሉ ወገባቸውን አጥፈው ገብስ ሲያጭዱ ለዋሉ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህም ነው የጠላው ዋንጫ ሲዞር አንዱ «አለቃ በማለዳ ሲሄዱ…» ብሎ ሲጀምር ሰምተነዋል ብሎ የሚያቋርጠው የማይኖረው። ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ሰላምታው ላይ ሲደርስ «…ችሁ» የሚለውን ሁሉም አብረው ይጨርሱለታል።