በአንድ መደርደሪያ ላይ ያሉ ተፎካካሪዎች

በአሰላ የሞባይል ሱቆች መደርደሪያ ላይ ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ለገዢ ተቀናቃኝ ይመስላሉ፤ ነገሩ ግን የወንድማማቾች ግብግብ ነው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው የቻይናው ትራንሽን ምርቶች ናቸው።

ትራንሽን ከሳምሰንግና ከኖኪያ ጋር የተጋፋው በረቀቀ ቺፕ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ የሚያዘልቅ ባትሪ፣ የጠይም ፊትን መልክ በደብዛዛ ብርሃን የሚለይ ካሜራና ሁለት ሲም ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ከፈተ። ሁለተኛው ሲም እዚህ አገር በወጉ ሥራ ያገኘው ዘግይቶ፣ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሲሰለፍ ነው።

ከባዱ ፈተና ግን የአማርኛ ፊደሉ ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን በአሥራ ሁለት ቁልፍ ላይ ማስፈር ቀልድ አይደለም። በንክኪ ስልክ ነገሩ ቀለለ፦ «ለ» ሲነካ «ሉ፣ ሊ፣ ላ» ብለው ዘሮቹ ይከተላሉ። አሰላ በምትገኝበት በአርሲ ደግሞ አንዱ ኪቦርድ ብቻውን አይበቃም። አፋን ኦሮሞ በላቲን ቁቤ ስለሚጻፍ፣ ከአማርኛው ወደ ቁቤው በአንድ ንክኪ የሚያሻግር ስልክ ለብዙ ተጠቃሚ ከካሜራው ሜጋፒክስል ይበልጣል።