መጠጥ ያቆምን ሰሞን ሐራራውን እንዴት እናሳልፈው?

በካኩማ ካምፕ በምንኖር የአማርኛ ተናጋሪ ስደተኞች ዘንድ መጠጥ የሚቆምባቸው ወቅቶች የታወቁ ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ ብዙዎቻችን ከሥጋና ከወተት ጋር አረቄውንም ቢራውንም ለ55 ቀን እንሰናበታለን። ከጾም ውጭም ቢሆን የሚያቆም አይጠፋም። አንዱ የቲቢ መድኃኒት ስለጀመረ፣ ሌላው ጨጓራው ስለተነሳበት፣ ሌላው ደግሞ የወሩ ገንዘብ በሳምንቱ አልቆ ልጆቹ ፊት መቆም ስላቃተው ያቆማል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ጀግና ነው። ፈተናው የሚመጣው በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አዘቅዝቃ አቧራው በረድ ሲል ነው። ምራቅ ይደርቃል፣ ሆድ ይባባል፣ ሰው ሲያናግረን ያስጠላናል፣ እግርም ሳናዘው ወደ ለመደው ቤት ያመራል። ሐራራ የምንለው ይህንን ነው።

እኛ በካምፑ የምናስተምር መምህራን ይህን ጉዳይ ያነሳነው ማንንም ለመውቀስ ብለን አይደለም። ማታ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይዘው አረቄ እንዲገዙ የሚላኩት ልጆች ጠዋት እኛ ፊት የሚቀመጡ ተማሪዎች ናቸው። ወላጅ መጠጥ ባቆመበት ወር ልጁ በሰዓቱ ይመጣል፣ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ አይጥለውም። ወላጁ ወደ መጠጡ ሲመለስ ደግሞ ማንም ሳይነግረን ከልጁ ፊት እናነበዋለን። ስለዚህ የጀመራችሁት ዕረፍት እንዳይሰበር የምናውቀውን ለማካፈል ወደድን።

በቅድሚያ ክሊኒክ መሄድ ያለበት ማን ነው?

ይህንን ሳንል ወደ ሌላው አንሄድም። መጠጥን በአንድ ጊዜ ቀጥ ማድረግ ለሁሉም ሰው ደህና አይደለም። ለወራት ወይም ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ፣ ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ አንጎበሩን ለመስበር የሚጎነጭ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ያንዘፈዘፈው ወይም የጣለው ሰው መጀመሪያ ክሊኒክ ይሂድ። ነፍሰ ጡርም ብትሆን እንደዚሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አልኮል አእምሮን የሚያደነዝዝ ነገር ነው። አእምሮም ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ከልክ በላይ መንቃትን ይለምዳል፤ መጠጡ በድንገት ሲቀር ያ መንቃት ልጓም ያጣል። የመጨረሻው መለኪያ ከተጠጣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ የት እንዳለም አያውቅም። ይህ ሁኔታ ካልታከመ ለሞት ያደርሳል።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ዛር ነው፣ ቡዳ ነው የሚል ይኖራል። ጸሎቱም ጸበሉም ይቀጥል፤ ሕመምተኛው ግን በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ ይወሰድ። ለዚህ የሚሆን የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 አለ። ክሊኒክ ፖሊስ ጣቢያ አይደለምና ስንት እንደምትጠጡ እውነቱን ንገሩ። የጤና ባለሙያዎች "አንድ መጠጥ" ብለው የሚቆጥሩት 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለበትን ነው። አረቄው 40 በመቶ ቢሆን አንድ መጠጥ ማለት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንዲት ትንሽ መለኪያ ናት። በዚህ ሒሳብ ግማሽ ሊትር ፕላስቲክ 16 መጠጥ ያህል ይይዛል። "እኔ እኮ በቀን አንድ ፕላስቲክ ብቻ ነው" የሚል ሰው ይህንን ይቁጠርልን። እንዲህ ያለው ሰው ክሊኒክ እስኪደርስ ድረስ በአንዴ ከማቆም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ቢቆይ ይሻለዋል።

ሐራራ እንደ ታራች ነው

ታራችን ሁላችንም እናውቀዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከላይ ሲዘንብ ግን እዚህ ጠብ ሳይል ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። ዳር ቆሞ የጠበቀ ሰው ጎርፉ ሲጎድል ይሻገራል፤ ቸኩሎ የገባ ሰው ይወሰዳል። ሐራራም እንዲሁ ነው። ይነሳል፣ ይሞላል፣ ከዚያ ይጎድላል። ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ ይቀንሳል። አላን ማርላት የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሱስ ያለባቸውን ሰዎች ሲያስተምር ሐራራውን እንደ ማዕበል እንዲመለከቱት፣ ሲነሳም ሲወርድም እንዲከታተሉት ይመክር ነበር።

የሚጠጣ ሰው ችግሩ ሐራራው ሲጎድል አይቶት አለማወቁ ነው። ገና ሲነሳ ስለሚጠጣ፣ ያበረደለት መጠጡ ይመስለዋል። አንዴ ሳይጠጣ ሲያልፍ ያየ ሰው ግን በሚቀጥለው ቀን ፍርሃቱ ይቀንሳል። ሐራራው ይመላለሳል፤ የፈለገውን ሲያጣ ግን እያደር ይደክማል።

ታዲያ ሲመጣ ምን እናድርግ? ሰዓት እንያዝ። ስልካችንን አይተን "አሁን 12 ሰዓት ከሩብ ነው፤ እስከ ሩብ ጉዳይ ለ1 አልጠጣም" እንበል። ለዕድሜ ልክ መማል አያስፈልግም። በዚያች ግማሽ ሰዓት እጅና እግር ሥራ አይፍቱ። ጀሪካን ይዞ ውሃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ኳስ ሜዳ ሄዶ መቆም፣ የልጅን ደብተር ማየት፣ ሁሉም ይሆናል። ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ስኳር ያለበት ሻይ በቀስታ መጠጣትም ይረዳል። ደረት ላይ ነው ጉሮሮ ላይ ነው የሚይዘኝ ብሎ ራስን ማዳመጥም ጥሩ ነው፤ የሚታይ ነገር የሚያስፈራው ከማይታየው ያነሰ ነውና። ሩብ ጉዳይ ለ1 ሲሆን ገና ካለ ሌላ ግማሽ ሰዓት እንጨምር።

የሚገባባቸውን በሮች እንዝጋ

ሐራራ ዝም ብሎ አይመጣም፤ የሚገባባቸው በሮች አሉት።

የመጀመሪያው ረሃብ ነው። ባዶ ሆድ የሚሰማውን ሰው ሐራራ ነው ይለዋል። ራሽን በማይበቃበት ቦታ ብሉ ብሎ መምከር ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ሆኖም ያለችውን ምግብ ለማታ 3 ሰዓት ከማቆየት፣ ሐራራው ከሚመጣበት ሰዓት ቀደም አድርጎ መቅመስ ትልቅ ልዩነት አለው። እፍኝ ንፍሮ እንኳ ቢሆን።

ሁለተኛው ንዴትና ሐዘን ነው። እኛ ስደተኞች ይህ በር ሰፊ ነው። ኬዝ ሲዘጋ፣ ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ፣ ፕሮሰስ ሲቆም ሰው ወደ ብርጭቆ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን ባቆመች ጊዜ ለዓመታት የጠበቁ፣ በረራቸው ተቆርጦ የነበሩ ሰዎች ባሉበት ቀሩ። እንዲህ ያለውን ሐዘን መጠጥ ለሁለት ሰዓት ይሸፍነው ይሆናል፤ ጠዋት ግን ኬዙ እዚያው ነው፣ ገንዘቡ ግን የለም። መጥፎ ወሬ የደረሰው ሰው ያን ማታ ብቻውን እንዳያድር ጎረቤት ይጥራው፣ ቡና ይፈላለት፣ እሱም ይናገር።

ሦስተኛው ድካምና እንቅልፍ ማጣት ነው። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል እንጂ እንቅልፉን ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ይቆራርጠዋል። ያቆመ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት፣ እንቅልፉ ይረበሻል። "ካልጠጣሁ አልተኛም" ብሎ የሚመለሰው ብዙ ነው። ይህ የሚያልፍ ነገር መሆኑን እንወቅ። በዚህ ሰሞን ቡናውን ከሰዓት በፊት እንጠጣ፤ ቀን ረጅም እንቅልፍ አንተኛ፤ ሌሊት ብንነቃም ተነስተን ወደ ውጭ አንውጣ።

አራተኛው ገንዘብ ነው። ኢንሴንቲቭ የሚከፈልበት ቀን ከሁሉም ቀን ይከብዳል። ገንዘቡ ኤምፔሳ ላይ ከመግባቱ በፊት ምን ላይ እንደሚውል ይጻፍ፤ ሲገባም በዚያው ሰዓት ዱቄቱና ዘይቱ ይገዛ፤ የቀረው ለሚስት፣ ለባል ወይም ለሚታመን ሰው ይሰጥ። ኪስ ባዶ ሲሆን ሐራራም አጭር ነው።

አምስተኛው ጫት ነው። ይህንን ብዙ ሰው አያስብበትም። መጠጡን አቁሞ ጫቱን የሚቀጥል ሰው ማታ ላይ ምርቃናውን የሚሰብርበት ጨብሲ ይፈልጋል። ልማዱ ሁለቱን አንድ ላይ አስሯቸዋል። ስለዚህ ቢያንስ ዕረፍቱ እስኪያልቅ ጫቱንም አብሮ መተው ወይም በጣም መቀነስ ያስፈልጋል። ካልሆነ አንዱን በር ዘግተን ሌላውን ከፍተን እንደመተኛት ነው።

ጓደኛና ሻጭ

በእኛ ባህል ብቻውን የሚጠጣ ጥቂት ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚያቆምም ይቸገራል። "አንዷን ብቻ"፣ "ስለ እኔ"፣ "ምነው ናቅከን?" የሚሉ ቃላት ከአረቄው ሽታ ይበልጥ ይፈትናሉ። መልሱን ቀን አዘጋጅተን እንውጣ። ረጅም ምክንያት መደርደር ክርክር ይጋብዛል። "መድኃኒት ላይ ነኝ"፣ "ጾም ይዣለሁ"፣ "ለልጄ ቃል ገብቻለሁ" ከተባለ ይበቃል፤ ከዚያ ለስላሳ ይዞ መቀመጥ ወይም ተሰናብቶ መሄድ ነው። ጋባዥ የሆንን ደግሞ እናስብ። ያቆመን ሰው ለምኖ ማጠጣት ወዳጅነት አይደለም።

አረቄ የሚያወጡት እናቶችና እህቶቻችን ጠላቶቻችን አይደሉም። ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ አጥተው፣ እሳትና ጭስ ፊት ቁጭ ብለው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው። ቀርቦ "እትዬ፣ እባክዎን እስከ ፋሲካ ለእኔ እንዳይሸጡልኝ፤ በዱቤም ቢሆን እምቢ ይበሉኝ" ማለት ይቻላል። በዱቤ የሚጠጣበት ቤት ከተዘጋ የሐራራው ግማሽ ተዘጋ ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ መጠጥ የሚሸጥበት ሰው ግን ከሁሉም ይከብደዋል። እሱ ገበያ በሚደምቅበት ሰዓት ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ቢያመሽ እንመክራለን።

ሁለትና ሦስት ሆነው አብረው የሚያቆሙ ሰዎች ይበልጥ ይበረታሉ። ማታ 1 ሰዓት ላይ እየተደዋወሉ "እንዴት ነህ? አለፈልህ?" መባባል ምንም አያስወጣም፤ ሚስኮል እንኳ ይበቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይም ይሠራል።

አንድ ቀን ቢሰበርስ? ፋሲካ ሲደርስስ?

አንድ ቀን የጠጣ ሰው "በቃ ተበላሽቷል" ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ይጠጣል። ይሄ ነው ትልቁ ወጥመድ። 20 ቀን ያቆመ ሰው በሃያ አንደኛው ቀን ቢጠጣ 20ው ቀን አይጠፋም፤ ገንዘቡም ሰውነቱም አትርፎበታል። በየትኛው በር እንደገባበት አይቶ በማግስቱ ይቀጥል። ቤተሰብም በዚያ ቀን ስድቡን ይተውለት፤ ውርደት ራሱ አንዱ የሐራራ በር ነውና።

በዓሉ ሲደርስ ደግሞ አንድ ነገር እንዳንረሳ። ለ55 ቀን ያረፈ ሰውነት የድሮውን ያህል አይችልም። ድሮ የሚያሞቀን መጠን አሁን ይጥለናል። መጠጡም ራሱ ምን እንዳለበት አይታወቅም። በኬንያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 የተበከለ መጠጥ ከ60 ሰው በላይ ገድሏል፤ በፌብሩዋሪ 2024ም በኪሪኛጋ ካውንቲ ቢያንስ 17 ሰዎች በተመሳሳይ መንገድ ሞተዋል። እንዲህ ባለው መጠጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መርዝ ሜታኖል ሲሆን፣ ጉዳቱ ሰዓታት ቆይቶ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይታያል። ከጠጣ በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ሆዱን አጥብቆ ያመመው፣ ትንፋሹ የፈጠነ ሰው ስካር ነው ተብሎ አይተኛ፤ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይድረስ።

ፋሲካ ላይ መጠጣት አለመጠጣት የየራሳችን ውሳኔ ነው። ውሳኔው ግን ዶሮው ሲወጣና ጠርሙሱ ሲከፈት ሳይሆን ከሳምንት በፊት፣ በጤነኛ ጭንቅላት ይሁን። ስንት መለኪያ? ከማን ጋር? ስንት ሰዓት ወደ ቤት? ብዙ ሰው ይህንን ሲያሰላ "እስከ ጰራቅሊጦስ ልጨምር" ይላል፤ እሰየው ነው።

ዛሬ ማታ ለሚጀምር ሰው ሥራው አጭር ነው። ከ12 ሰዓት በፊት ጥቂት ይቅመስ፤ በሌላ መንገድ ወደ ቤቱ ይግባ፤ አንድ ሰው ስልክ ይያዝለት። ሐራራው ሲሞላ ዳር ላይ ይቁም። ይጎድላል።