ከእግር በታች ያለው አመድ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሲዘልቅ፣ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለነበር ወላይታ አልደረሰም። የወላይታዋ ቤሌ ከተማ ግን የራሷ የቆየ አመድ አላት።

“አመድ” የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የምድጃ አመድ የተቃጠለ እንጨት ትራፊ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ድስት ይታሻበታል። የእሳተ ገሞራው ግን የቀለጠ ድንጋይ በጋዝ ግፊት ተበጣጥሶ አየር ላይ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው። በማጉያ ሲያዩት የተሰባበረ ብርጭቆ ይመስላል። ከ45 እስከ 75 በመቶው ሲሊካ ነው፤ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ካልሲየምና ሶዲየምም አለበት። ትኩሱ ላይ የሰልፈር፣ የክሎሪንና የፍሎሪን ጨው ይለጠፋል። ሣር ላይ ሲያርፍ ከብት አብሮ ይግጠዋል። አይስላንድ ውስጥ በ1783 እ.ኤ.አ. ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከበጎቹ 80 በመቶ ያህሉ ያለቁት በዋናነት በፍሎሪን ነው።

ወላይታ ውስጥ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከሶዶ በላይ የቆመው ዳሞታ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይና አመድ በዝናብና በሙቀት ሲበሰብስ ቀይ አፈር ይሆናል። ጨዉ ታጥቦ ይሄዳል፤ ሲሊካው፣ አሉሚኒየሙና ብረቱ ግን ከዱቄት በላቀ ደቃቅነት ይቀራሉ። ያው አፈር ቦዬውንም በቆሎውንም ያበቅላል።

በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ግን ደቃቁ በቆዳ ይሰርጋል፣ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፣ በመጨረሻም ይዘጋቸዋል። እግር ማታ ማታ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ ያብጣል፣ ይሻክራል። ሰው “ዝሆኔ” ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ። የወባ ትንኝም ሆነ ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ያም ሆኖ የታማሚ ቤተሰብ ልጅ ለጋብቻ ሲታሰብ ስንት ሽማግሌ ያመነታል! “በዘር ነው” የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት አለው፤ ወላይታ ውስጥ ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር ተጋላጭነቱ በዘረ መል እንደሚወረስ አሳይቷል። የሚወረሰው ግን በሽታው አይደለም፤ አፈሩን ያልነካ እግር አይታመምም።

መከላከያው ጫማ ነው፤ ያበጠውንም በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ያሻሽለዋል። ታዲያ ክረምት ሲገባ ጫማው እንዳይበላሽበት አውልቆ፣ በእጁ አንጠልጥሎ ጭቃውን የሚሻገር ገበያተኛ ስንቱ ነው።