የአቲካ እስር ቤት የኃይል አጠቃቀም ምርመራ

የአቲካ እስር ቤት የኃይል አጠቃቀም ምርመራ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው የአቲካ እስር ቤት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1971 የተነሳው ዐመፅ የተቋጨበትን መንገድ ለማጣራት የተካሄደ ምርመራ ነው። ፖሊሶችና ጠባቂዎች በእስረኞች ላይ የሚጠቀሙት ኃይል እንዴት ሊመረመር እንደሚገባ ከሚያስተምሩ ታሪኮች አንዱ ነው።

ክስተቱ

ሴፕቴምበር 9 ቀን እስረኞች ጠባቂዎችንና ሌሎች ሠራተኞችን አግተው የተሻለ አያያዝ፣ ሕክምናና የሃይማኖት ነፃነት ጠየቁ። ድርድሩ ሳይሳካ ቀርቶ አገረ ገዥው ኔልሰን ሮክፌለር እስር ቤቱ በኃይል እንዲያዝ ፈቀዱ። ሴፕቴምበር 13 ቀን ከሄሊኮፕተር አስለቃሽ ጋዝ ተለቀቀ፤ የግዛቱ ፖሊሶችና አንዳንድ ጠባቂዎችም ተኩስ ከፈቱ። 29 እስረኞችና 10 ታጋቾች በጥይት ሞቱ። ተኩሱ ካበቃ በኋላም ጠባቂዎች እጃቸውን የሰጡ እስረኞችን ልብሳቸውን አስወልቀው ደበደቧቸው።

ምርመራው

ባለሥልጣናት በመጀመሪያ ታጋቾቹን እስረኞች አንገታቸውን አርደው እንደገደሏቸው ተናገሩ። በማግስቱ ግን አስከሬን መርማሪው ሐኪም ጆን ኤድላንድ ታጋቾቹ የሞቱት በጥይት መሆኑን አስታወቁ። እስረኞቹ ጠመንጃ ስላልነበራቸው ተኳሾቹ የመንግሥት ኃይሎች መሆናቸው ግልጽ ሆነ።

በሮበርት ማኬይ የተመራው ኮሚሽን እስረኞችን፣ ጠባቂዎችንና ፖሊሶችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1972 ሪፖርቱን አወጣ። የወንጀል ምርመራው ግን እንከን ነበረበት፤ ማስረጃ እንዲሰበስብ የተደረገው ራሱ የተኮሰው የግዛቱ ፖሊስ ነበር። ከ60 በላይ እስረኞች ሲከሰሱ ከፖሊሶች የተከሰሰው አንድ ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕግ ማልኮም ቤል እ.ኤ.አ. በ1974 ጉዳዩ እየተድበሰበሰ ነው በማለት ሥራቸውን ለቀቁ። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ለእስረኞች 8 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2005 ደግሞ ለታጋቾችና ለቤተሰቦቻቸው 12 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ።

ዛሬ ያለው መመዘኛ

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የኔልሰን ማንዴላ ደንብ በአቲካ የታየውን ዓይነት ጉድለት ይመለከታል። በአንቀጽ 82 መሠረት ጠባቂዎች ኃይል መጠቀም የሚችሉት ራሳቸውን ለመከላከል፣ ማምለጥን ለማስቆም ወይም ሕጋዊ ትእዛዝን የሚቃወም ሲኖር ብቻ ነው፤ ይህም ከሚያስፈልገው መጠን ማለፍ የለበትም፤ ኃይል የተጠቀመ ሠራተኛም ወዲያውኑ ለእስር ቤቱ ኃላፊ ማሳወቅ አለበት። አንቀጽ 71 ደግሞ እስረኛ ሲሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሲደርስበት ጉዳዩ ከእስር ቤቱ አስተዳደር ነፃ በሆነ አካል እንዲመረመር፣ ማስረጃውም ሳይነካ እንዲጠበቅ ያዛል። በድርጊቱ የተጠረጠሩ ሰዎች በምርመራው እንዳይሳተፉም ይከለክላል።